ከለንደን ፓሪስ በባቡር፦ ሴይንት ፓንክራስ ጣቢያ ውስጥ ያለውን ድንበር እንዴት ታልፋላችሁ

ከለንደን ተነስቶ ከባሕር በታች ባለው ዋሻ ፓሪስ የሚያደርሰውን ዩሮስታር የሚባለውን ባቡር ለመሳፈር ስለ ባቡሩ ብዙ ማወቅ አያስፈልግም። ተቀምጣችሁ ይወስዳችኋል። ጣጣው ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው።

ለንደን ሴይንት ፓንክራስ ውስጥ ወደ ኖቲንግሃምና ሼፊልድ የሚሄድ ባቡር አለ፣ ወደ ኬንት የሚሄድ አለ፣ ከምድር በታች ደግሞ ወደ ጋትዊክና ብራይተን የሚያልፍ አለ። እነዚህ ትኬት ካላችሁ ገብቶ መሳፈር ብቻ ናቸው። ዩሮስታር ግን እዚያው ጣቢያ ሆድ ውስጥ ለብቻው የታጠረ ሌላ ጣቢያ አለው። ኤክስሬይ አለው፣ የፈረንሳይ ፖሊስ አለው፣ ፖሊሱን አንዴ ካለፋችሁ ደግሞ እግራችሁ ለንደን ውስጥ ቢሆንም ወረቀታችሁ ፈረንሳይ ገብቷል።

ይህን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ድንበሩ ባሕሩ ላይ አይደለም፣ ፓሪስም አይደለም፣ ለንደን መሃል ነው። በመመለሻው ደግሞ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂዎች ፓሪስ ጣቢያ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል። ስለዚህ "እዚያ ስደርስ አስረዳለሁ" የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ የጎደለበት ሰው ባቡሩን ሳያየው ከለንደን ይመለሳል። ሁሉ የተሟላለት ሰው ግን ፓሪስ ሲወርድ ጉምሩኮች አልፎ አልፎ ሻንጣ ከማስከፈታቸው በቀር ማንም ምንም አይለውም፣ ሻንጣውን እየጎተተ ቀጥ ብሎ ወደ ሜትሮው ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ሰው ርካሽ ትኬት ሲያይ እጁ ይቸኩላል፣ ከዚያ ቪዛው ሳይደርስ ቀኑ ያልፍበታል።

የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሸንገን በሚባሉት፣ በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር በሌላቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ መቆየት ትችላላችሁ። ፓስፖርቱ ግን በምትገቡበት ቀን ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ደግሞ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው መሆን አለበት። ብዙ ሰው የማብቂያውን ቀን ብቻ አይቶ ይተኛል፤ የወጣበትንም ቀን እዩ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ እንግሊዝ የምትኖሩ ከሆነ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ለፓሪስ አይሠራም። የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻው የሚገባው ዋነኛ መድረሻችሁ ወደሆነው አገር ነው፦ ፓሪስ ሁለት ቀን አድራችሁ አምስተርዳም ሳምንት የምትቆዩ ከሆነ ወደ ኔዘርላንድስ ነው የምታመለክቱት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ እናንተም ቀደም ብላችሁ አስገቡ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ላይ ያለውን ሕግ አጥብቆት ነበር፤ 15 ቀን የነበረው መደበኛ የማስተናገጃ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። ስለዚህ "ሁለት ሳምንት ይበቃል" የሚላችሁ ጓደኛ ካለ የድሮውን ነው የሚያወራው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል።

ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ፓሪስ ሄዳችሁ ለአንድ ሠርግ ለንደን ብትመለሱ፣ ቪዛው ላይ ስንት ቀን ቢቀር አለቀ ማለት ነው።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙ ሰዎች ጉዳይ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ አገር ያለ ቪዛ የሚቀበለውን ሌላው ቪዛ ይጠይቅበታል። አምስተርዳም ብትሄዱም እንኳ ሴይንት ፓንክራስ ላይ ሰነዱን የሚያየው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው። የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። ዘመድ ያላችሁን አትመኑ፤ ዘመድ ፖሊሱ ፊት አብሯችሁ አይቆምም።

አሁን ደግሞ የመመለሻው። የእንግሊዙ የፕላስቲክ የመኖሪያ ካርድ በ2024 መጨረሻ ጊዜው አልፎ ነገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በአካውንት ወደሚታይ ፈቃድ፣ ወደ ኢ-ቪዛ ተዛውሯል። ኢ-ቪዛው የተያያዘው ከፓስፖርት ቁጥራችሁ ጋር ነው። ኤምባሲ ሄዳችሁ ፓስፖርት አሳድሳችሁ አዲሱን ቁጥር አካውንታችሁ ላይ ካልቀየራችሁ፣ ፓሪስ ላይ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያገኛችሁ ይቸገራል። ከመሄዳችሁ በፊት አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ አዲሱ ፓስፖርት መመዝገቡን አረጋግጡ። አሮጌውንም ፓስፖርት አትጣሉት፣ ያዙት።

ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በእኛ አጠራር የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፣ የእናቲቱ ደግሞ የአባቷ። ስለዚህ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ጎን ለጎን ሲታይ ምንም የሚያገናኝ ስም የለም። ፈረንጁ ይህን አያውቅም፤ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂዎች ደግሞ ልጅ ከወላጁ የተለየ ስም ሲኖረው ዝምድናውን የመጠየቅ ልማድ አላቸው። የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ፣ አባትየው አብሯችሁ ካልሄደ የፈቃድ ደብዳቤውን ጨምሩበት። ላይጠይቋችሁ ይችላሉ። ከጠየቁ ግን ልጁን "ይህቺ ማን ናት?" ብለው እሱኑ ነው የሚጠይቁት፣ ሕፃን ደግሞ ሲደናገጥ ዝም ይላል።

ትኬት

ዋጋው እንደ አውሮፕላን ነው፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ዓርብ ማታና እሑድ ከሰዓት ውድ ናቸው፣ ማክሰኞና ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ረከስ ይላል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ካለ እሱንም አስገቡ። በቤት ስም፣ በቁልምጫ፣ በፌስቡክ ስም ትኬት አይቆረጥም።

ትኬቱን በስልክ መያዝ ይበቃል። ባትሪ የሚያልቅባችሁ ዓይነት ሰዎች ከሆናችሁ ግን በወረቀት አሳትማችሁ ያዙት።

ከእንግሊዝ መነሻው ሴይንት ፓንክራስ ብቻ ነው። ኬንት ውስጥ ኤብስፍሊትና አሽፎርድ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች ነበሩ፣ ከ2020 ጀምሮ ዩሮስታር እዚያ አይቆምም፤ አሽፎርድ ስሙ እስካሁን "ኢንተርናሽናል" ቢልም አትታለሉ።

ሻንጣ

የባቡሩ ትልቁ ደስታ ይኼ ነው። ሚዛን የለም። በመደበኛው ትኬት ርዝመታቸው ከ85 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ሁለት ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ይፈቀዳል፣ ሽቶና ሻምፑ በ100 ሚሊ ሊትር አይገደብም፣ ውኃም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ግን ተሸካሚ የለም። ሻንጣውን ኤክስሬዩ ላይ የምታወጡት እናንተ፣ ፉርጎው ውስጥ የምትሰቅሉት እናንተ። ብቻችሁን ማንሳት የማትችሉትን አትሙሉት።

ምግብ ላይ ግን ጨዋታ የለም። ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይቻልም። ይህ ማለት ለፓሪሷ እህታችሁ የቋጠራችሁት ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ በፌስታል ሦስቴ ተጠቅልሎ የቀዘቀዘው ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም ክልክል ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ እንጀራ ከዚህ ክልከላ ውስጥ የሉበትም። በርበሬውና ሽሮው ግን በነጭ ላስቲክ ተቋጥሮ ሲታይ ፈታሹን ሊያጠራጥረው ስለሚችል በማሸጊያው ላይ ምንነቱ ተጽፎበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ አለዚያ ክፈቱ ይባልና በርበሬው ያስነጥሳችኋል፣ ፈታሹንም።

ወደ እንግሊዝ ስትመለሱም ነገሩ ያው ነው። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በከብቶች በሽታ ምክንያት ከአውሮፓ ኅብረት የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፣ ወተትና አይብ ለግል ይዞ መግባትን ከልክላለች። ያን ሁሉ የፈረንሳይ አይብ እዚያው ብሉት።

ትልቅ ስለት ያለው የወጥ ቤት ቢላዋና የካምፕ ጋዝ ቆርቆሮ ቤት ይቅሩ። ፍተሻው ላይ ይያዛሉ።

ጣቢያው ድረስ

አንደርግራውንድ (የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር) ስትጠቀሙ መውረጃችሁ ኪንግስ ክሮስ ሴይንት ፓንክራስ ነው። 6 መስመሮች ይገናኙበታል፤ ፒካዲሊ፣ ቪክቶሪያ፣ ኖርዘርን፣ ሜትሮፖሊታን፣ ሰርክልና ሃመርስሚዝ ኤንድ ሲቲ። ከሂትሮ የምትመጡ በፒካዲሊ ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ፣ ግን ሰዓት ይፈጃል፣ በዚያ ላይ ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ሁለት ሻንጣ ይዞ ፉርጎው ውስጥ መቆም ፈተና ነው።

ከምድር ውስጥ ስትወጡ ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ጎን ለጎን አሉ፣ በመካከላቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ኪንግስ ክሮስ ወደ ኤደንብራ የሚሄደው ነው። የእናንተ ሴይንት ፓንክራስ ነው። ከውጭ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ሾጣጣ ጣሪያና የሰዓት ማማ ያለው፣ ቤተ መንግሥት የሚመስለው ሕንፃ። ፊት ለፊቱ ያለው ሆቴል ነው፣ በ1873 የተከፈተ፤ ጣቢያው በስተኋላው ነው ያለው። በ1960ዎቹ ይፍረስ ተብሎ ነበር፣ ከተከራከሩለት ሰዎች አንዱ ገጣሚው ጆን ቤትጀማን ነው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ኮፍያውን ይዞ ወደ ጣሪያው አንጋጦ የሚያይ ሐውልት አለው።

አሁን አንድ ነገር። ባቡሮቹ የሚታዩት ላይ ነው። ሰው ባቡሩን ሲያይ ወደ ላይ ይወጣል፣ መስታወቱ ጋ ሲደርስ መግቢያ ያጣል። እናንተ ወደ ላይ አትውጡ። የዩሮስታር መግቢያ ያለው ታች፣ ሱቆቹ በተደረደሩበት ረጅም መተላለፊያ ላይ ነው። ከመንገድ ወይም ከአንደርግራውንድ ገብታችሁ "ኢንተርናሽናል ዲፓርቸርስ" የሚለውን ምልክት ተከተሉ። መንገድ ላይ ለማንም ክፍት የሆነ ፒያኖ ታያላችሁ፣ ኤልተን ጆን በ2016 ፒያኖ ሰጥቶ የሄደው እዚህ ነው። ጊዜ ካላችሁ ላይኛው ፎቅ ላይ የተቃቀፉት ጥንዶች 9 ሜትር ሐውልት አለ፣ ሁሉም የሚቃጠርበት። ጊዜ ከሌላችሁ እለፉት።

በሩ፣ ፍተሻው፣ ካሜራው፣ ፖሊሱ

መቼ መድረስ? ትኬታችሁ ላይ መግቢያው የሚከፈትበት ሰዓት ተጽፏል፣ በዚያ ሰዓት ኑ። በመደበኛው ትኬት በሩ የሚዘጋው ባቡሩ ሊነሳ 30 ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ ሲዘጋ ደግሞ ተዘጋ ነው፤ ባቡሩ ገና ጭንቅላታችሁ ላይ ቆሞ እያለ ልመና የለም። በጣም ቀድሞ መምጣትም አይጠቅምም፣ ሰዓታችሁ ሳይደርስ አያስገቧችሁም። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ ቦታ አይሠራም፣ ወደፊትም ወደኋላም።

በሩ ላይ ባርኮዱን መስታወቱ ላይ ታስነካላችሁ፣ ይከፈታል። ስልኩ ላይ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ባርኮዱን ካላነበበላችሁ ደጋግማችሁ አትታገሉ፣ አጠገብ ሠራተኛ አለ።

ቀጥሎ ኤክስሬይ። ከአየር ማረፊያው ይቀላል። ጃኬት፣ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር፣ ሻንጣ። ሰልፉ የሚዘገየው ሰው ቀበቶውን ማውለቅ የሚጀምረው ተራው ሲደርስ ስለሆነ ነው፤ ወረፋ ላይ እያላችሁ ሳንቲሙንና ቁልፉን ቦርሳ ውስጥ ጨምሩት።

የአውሮፓው አዲስ የመግቢያና መውጫ ምዝገባም አለ። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለው ሁሉ ለአጭር ጊዜ ሲገባ ፊቱ ፎቶ ይነሳል፣ አሻራው ይመዘገባል። ፓስፖርት ላይ ይመታ የነበረውን ማኅተም የሚተካው ይኼ ነው። ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ "እናስመዝግባችሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው።

ጣቢያው ውስጥ ለዚህ የቆሙ ኪዮስኮች አሉ። ወደ ኪዮስክ ከመሯችሁ አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ተራ በተራ ልንገራችሁ። ፓስፖርቱን ፎቶው ያለበትን ገጽ ከፍታችሁ ወደ ታች አስተኝታችሁ መስታወቱ ላይ ተጫኑት፣ ሳይነበብ አታንሱት። መነጽርና ኮፍያ አውልቁ። ነጠላ ወይም ሻሽ በሃይማኖት ምክንያት የምታደርጉ ከሆነ ማውለቅ የለባችሁም፣ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ መታየቱ ነው የሚፈለገው። ካሜራው ላይ ቀጥ ብላችሁ እዩ፣ አትሳቁ። ከዚያ የቀኝ እጅ አራት ጣት፣ አውራ ጣት ሳይጨመር። ሥራው በእጅ የሆነ ሰው፣ ጽዳት ወይም ወጥ ቤት የሚሠራ፣ አሻራው ደርቆ ማሽኑ አልቀበል ይለዋል፤ ትንሽ ሎሽን እጅ ላይ አሸት አድርጉና ድገሙት፣ እምቢ ካለ ሠራተኛውን ጥሩ። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ የለባቸውም። በሸንገን ቪዛ የምትሄዱ ደግሞ ለቪዛው የሰጣችሁት አሻራ ስላለ ፎቶው ነው የሚቀረው። የአንድ አውሮፓ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ምዝገባው አይመለከተውም፣ ካርዱን አሳይቶ ወደ ፖሊሱ ያልፋል።

ምዝገባው ለ3 ዓመት ይቆያል፣ ቀጣዩ ጉዞ ላይ ፊታችሁን ማረጋገጥ ነው የሚሆነው። ፓስፖርት ከቀየራችሁ ግን ሁሉንም ወረቀት እንደገና ማመሳከራቸው አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የፈረንሳዩ ፖሊስ። መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ፓስፖርቱን ከልባሱ አውጥታችሁ ስጡት፣ ልባሱ ውስጥ የታጨቀውን የባንክ ካርድና የመድኃኔ ዓለም ሥዕል አብራችሁ አታስረክቡት። ሊጠይቅ የሚችለው የት እንደምትሄዱ፣ ስንት ቀን፣ የት እንደምታርፉ፣ መመለሻ ትኬት እንዳላችሁ ነው። አጭር መልስ ስጡ። "ሦስት ቀን፣ ሆቴል፣ እሑድ እመለሳለሁ" በቂ ነው። የሆቴሉን ማረጋገጫ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ያዙ። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ አድራሻው በእጃችሁ ይኑር፣ ፈረንሳይ ዘመድ ቤት ከሚያርፍ ባለ ቪዛ ከከተማው አስተዳደር የተረጋገጠ የእንግዳ ተቀባይ ወረቀት ትጠይቃለች፣ ለቪዛው ያስገባችሁትን ኮፒ ያዙ።

ይህን ካለፋችሁ ወደ ኋላ መመለስ ከባድ ነው። የሚሸኛችሁ ሰው ካለ በሩ ላይ ተሰናበቱት፣ የሚገዛ ነገር ካለ ቀድማችሁ ግዙ፣ ውስጥ ያለው ሱቅ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ያው የምታውቁት ነው።

አዳራሹ

የምትጠብቁበት አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በብረት ምሰሶ የተሞላ ነው። ምሰሶዎቹን እዩዋቸው። ጣቢያው በ1868 ሲከፈት ይህ ምድር ቤት የቢራ መጋዘን ነበር፤ ከበርተን ከተማ በባቡር የሚመጣው በርሜል የሚከማችበት። መሐንዲሱ ዊልያም ባርሎ ምሰሶዎቹን ያራራቃቸው በቢራ በርሜል ልክ ነው። ከላያችሁ ያለው ጣሪያ ደግሞ መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ ሳይኖረው ወደ 73 ሜትር ወርድ አለው። ዩሮስታር ከዋተርሉ ጣቢያ ተነቅሎ እዚህ የገባው በኖቬምበር 14 ቀን 2007 ነው። የቢራ መጋዘን የዛሬውን መንገደኛ አይችለውም፣ ሁለት ባቡር ተከታትሎ ሲወጣ መቀመጫ የለም፣ ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ምግባችሁን ከውጭ ይዛችሁ ግቡ።

መሳፈሪያው የሚታወጀው ባቡሩ ሊነሳ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ስክሪኑን እዩ፣ የባቡሩን ቁጥር ሳይሆን ሰዓቱንና ከተማውን አዛምዱ። ሲታወጅ ሁሉም ይነሳል፣ ይጋፋል። አትጋፉ፣ ወንበራችሁ ቁጥር አለው። መጋፋት የሚያዋጣው ትልቅ ሻንጣ ላለው ብቻ ነው፣ የሻንጣው መደርደሪያ ቀድሞ ለደረሰ ነውና።

ወደ ባቡሩ የሚያወጣው ተንሸራታች መንገድ ከአንድ በላይ ነው፣ የትኛው ለየትኞቹ ፉርጎዎች እንደሆነ ተጽፎበታል። ባቡሩ 16 ፉርጎ፣ 400 ሜትር ርዝመት ነው። በተሳሳተው በኩል ከወጣችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ግማሹን ትሄዳላችሁ።

መንገድ ላይ

ፓሪስ ለመድረስ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ሜዳው ላይ ባቡሩ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ዋሻው ውስጥ ወደ 160 ይወርዳል፤ 50 ኪሎ ሜትሩን ለማለፍ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዓሣ የሚታይበት መስኮት የለም፣ ጨለማ ብቻ ነው። ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ፣ የስልካችሁን የዳታ ጥቅል ሁኔታም ለንደን እያላችሁ ጨርሱ።

ፓሪስ መድረስ፣ ከፓሪስ መመለስ

ጋር ዱ ኖር በሚባለው የፓሪስ ጣቢያ ስትወርዱ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። የሚጠብቃችሁ ኪስ አውላቂ ነው። ስልክ ከኋላ ኪስ አውጡ፣ ቦርሳ ወደ ፊት። ወረቀት ይዛ "ፈርሙልኝ" የምትል ልጅ ከመጣች ዝም ብላችሁ እለፉ። ጣቢያው ውስጥ "ታክሲ? ታክሲ?" እያለ የሚቀርብ ሰው ሕጋዊ ታክሲ አይደለም፤ ሕጋዊው ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ እዚያ ሰልፍ ያዙ። ሜትሮ 4 እና 5፣ እንዲሁም አርኢአር የሚባሉት ወደ ከተማው ዳርቻ የሚሄዱ ባቡሮች፣ ቢ እና ዲ፣ እዚያው ከታች አሉ። ወደ ቻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ቢ ይወስዳችኋል። ትኬት የሚገዛው ከማሽን ወይም ከመስኮቱ ነው፤ "እኔ ልግዛላችሁ" ከሚል ደግ ሰው ራቁ።

ስትመለሱ ወደ ላይ ውጡ። የለንደኑ መግቢያ ከመድረኮቹ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ሁለት ፓስፖርት ቁጥጥር በተከታታይ አለ፣ መጀመሪያ ፈረንሳይ ታስወጣችኋለች፣ ጥቂት እርምጃ ወዲያ እንግሊዝ ታስገባችኋለች። የእንግሊዝና የአውሮፓ ፓስፖርት በማሽን ያልፋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሠራተኛው ጋ ነው፣ ሰልፉም ይረዝማል፣ ስለዚህ ከለንደኑ ይበልጥ ቀደም በሉ። ጀርመን ወይም ጣሊያን የምትኖሩና ለንደን ዘመድ ልትጠይቁ የምትመጡ ይህን ስሙ፦ የጀርመን የመኖሪያ ካርድ ለእንግሊዝ ቪዛ አይሆንም። ለብቻው የእንግሊዝ ቪዛ ከሌላችሁ እዚያው ፎቅ ላይ ትመለሳላችሁ።

ብራሰልስና አምስተርዳም

ብራሰልስ 2 ሰዓት ገደማ ነው፣ ጣቢያው ሚዲ ይባላል። መመለሻው ላይ የለንደኑ መግቢያ ለብቻው የታጠረ ስለሆነ ከኮሎኝ ወይም ከሌላ ከተማ መጥታችሁ ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ ለቁጥጥሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። አምስተርዳም 4 ሰዓት ያህል ነው። ከአምስተርዳም በቀጥታ ለንደን የሚመጣው ባቡር ጣቢያው ሲታደስ ተቋርጦ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 2025 አዲስ የመንገደኛ መቆያ ተሠርቶለት ተመልሷል።

ቀይ የዩሮስታር ባቡሮችም አሉ፣ ድሮ ታሊስ ይባሉ የነበሩት። ፓሪስን፣ ብራሰልስን፣ አምስተርዳምንና ኮሎኝን የሚያገናኙ ናቸው። በእነሱ ስትሄዱ እንደ ከተማ ባቡር ገብቶ መቀመጥ ነው፣ በር ላይ የሚዘጋባችሁ ቁጥጥር የለም። ትኬታችሁ የየትኛው እንደሆነ እወቁ።

ሲበላሽ

ባቡሩ ካመለጣችሁ ወዲያውኑ መግቢያው አጠገብ ያለው ዴስክ ሂዱ። በሩ ላይ ከቆመው ሠራተኛ ጋር አትጨቃጨቁ፣ እሱ የሚቀይርላችሁ ነገር የለም። ቀደም ብላችሁ መዘግየታችሁን ካወቃችሁ ደግሞ ባቡሩ ሳይነሳ በስልክ ላይ ትኬቱን ለመቀየር ሞክሩ፣ ከተነሳ በኋላ ይከብዳል።

ባቡሩ ራሱ ከዘገየ ካሳ አለ። 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ። በከባድ የአየር ጠባይ ወይም ሐዲድ ላይ ሰው በመግባቱ የመጣ መዘግየት ከሆነ ላይከፈል ይችላል። ቫውቸር ሲያቀርቡላችሁ ገንዘብ መምረጥ ትችላላችሁ፣ ማመልከቻው ላይ ገንዘብ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ከፓሪስ ወደ ሊዮን ለብቻው የተቆረጠ ሌላ ትኬት ካላችሁና በመዘግየቱ ካመለጣችሁ ያንን ይከፍላሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሁለቱን በአንድ ትኬት መቁረጥ ከቻላችሁ በአንድ ቁረጡ፣ ካልቻላችሁ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ተዉ፣ ምክንያቱም ከጋር ዱ ኖር የሊዮን ባቡር ወደሚነሳበት ጣቢያ፣ ወደ ጋር ደ ሊዮን ለመሄድም ሌላ ባቡር መያዝ አለባችሁ፤ አርኢአር ዲ፣ ሁለተኛው ፌርማታ።